አዲስ የገባውን ኡቡንቱ ለአማርኛ ሥራ ስለ ማሰናዳት

በየዶርሙ ከምናያቸው ላፕቶፖች ብዙዎቹ ያገለገሉ ናቸው፤ ከታላቅ ወንድም የተረፉ ወይም ርካሽ ተብለው ከገበያ የተገዙ። በውስጣቸው ያለው ዊንዶውስም ዋጋው ተከፍሎበት የመጣ ሳይሆን ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲገለበጥ የኖረ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም አይሸሽገውም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ. ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር ኦክቶበር 14 ቀን 2025) አቁሟል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲ ፒ ኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ቺፕ፥ ፕሮሰሰሩ የኢንቴል ከሆነም በጠቅላላው ስምንተኛውን ትውልድ ወይም ከዚያ ወዲህ የመጣውን ስለሚጠይቅ፥ ከእነዚህ ማሽኖች ብዙዎቹ በደንቡ መሠረት ሊቀበሉት አይችሉም። እንግዲህ ባለቤቱ ምን ያድርግ? ማሽኑን ይጣለው? ወይስ ጥገና የማያገኝ ሥርዓት ተሸክሞ በየኮፒ ቤቱ ቫይረስ ሲለቅም ይኑር?

ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እሱም ሊኑክስ ነው። ነገር ግን ብዙ ጓደኞቻችን ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ባንድ ከሰዓት በኋላ አስገብተው፥ በሳምንቱ «አማርኛ መጻፍ አይቻልም፤ ዋይፋዩም እንቢ አለ» በማለት ወደ ቀድሞው ተመልሰዋል። ይህ የሆነው ሥርዓቱ ስለማይችል አይደለም። ግድግዳና ጣራው ያለቀ ቤት በርና መስኮት ሳይገባለት እንደማይኖርበት ሁሉ፥ አዲስ የገባ ሥርዓትም መሰናዳት ስላለበት ነው። ስለ ማስገባቱ የሚናገር መመሪያ በየቦታው ስለሚገኝ እሱን እንተወዋለን። የምንናገረው ከማግስቱ ጀምሮ ስላለው ሥራ ነው። ይህንም ስንጽፍ በአማርኛ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጀውን፥ የቃለ መጠይቅ ማስታወሻውን በአማርኛ የሚይዘውን የአርትስ ተማሪ እያሰብን ነው። የምሕንድስና ጓደኞቻችን አብዛኛውን ነገር ያውቁታል፤ ቢያነቡት ግን አይጎዳቸውም፥ የአማርኛውን ነገር ብዙዎቹ አልደረሱበትምና።

አስቀድሞ ጥቂት ስለ አመጣጡ እንበል። ሪቻርድ ስቶልማን የተባለው አሜሪካዊ በ1983 ግኑ የተባለውን ሥራ ሲያስታውቅ (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) መነሻ ሐሳቡ፥ ማንም ሰው አንድን ፕሮግራም ለፈለገው ጉዳይ ሊሠራበት፥ አሠራሩን ሊመረምር፥ ሊያሻሽለውና ለባልንጀራው ሊያካፍለው መብት ይኑረው የሚል ነበር። በ1991 ደግሞ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፥ ዕድሜው ሃያ አንድ ዓመት ሳለ፥ ማሽኑንና ፕሮግራሞችን የሚያገናኘውን ዋናውን የሥርዓቱን አስኳል መጻፍ መጀመሩን አስታወቀ። በተከታዩ ዓመት በግኑ ፈቃድ ሥር አወጣው። ሊኑክስ የምንለው ይህ ነው። ኡቡንቱ የሚባለው ዓይነት በኦክቶበር 2004 የወጣ ሲሆን፥ ያወጣው ማርክ ሻትልወርዝ የተባለ የደቡብ አፍሪካ ሰው ያቋቋመው ካኖኒካል የተባለ ኩባንያ ነው። ስሙም ከደቡብ አፍሪካ ቋንቋዎች የተወሰደ ነው፤ ትርጉሙ ሰብአዊነት ወደሚለው ይጠጋል። ኩባንያው እስከ 2011 ድረስ ለጠየቀው ሁሉ ሲዲውን በፖስታ በነጻ ይልክ ነበር። ይህን ሁሉ የምናነሣው ለታሪክ ፍቅር ብቻ አይደለም። ኡቡንቱን ከጓደኛ ፍላሽ መገልበጥ ስርቆት አይደለም፤ ፈቃዱ ራሱ ገልብጡ፥ አከፋፍሉ ይላል። አንገት ደፍቶ የሚሠራ ነገር አይደለም ማለታችን ነው።

የምንናገረው ስለ ኡቡንቱ 24.04 ነው። ቁጥሩ ዓመቱንና ወሩን ያመለክታል፤ በ2024 በአራተኛው ወር የወጣ ማለት ነው። በየሁለት ዓመቱ በዚሁ ወር የሚወጣው ዓይነት ረዥም ድጋፍ ያለው ሲሆን አምስት ዓመት ጥገና ያገኛል፤ ስለዚህ 24.04 እስከ 2029 ድረስ ያገለግላል። በመካከል በየስድስት ወሩ የሚወጡት ግን ድጋፋቸው አጭር ስለ ሆነ ለተማሪ አይመቹም፤ በመመረቂያ ጽሑፍ መካከል ሥርዓት ለመለወጥ የሚፈልግ ካለ ይሞክራቸው።

አንድ ማሳሰቢያ እናስቀድም። በዚህ መጽሔት የላቲን ፊደል ስለማይወጣ ትእዛዞቹን በአማርኛ ፊደል እንደሚነበቡት አድርገን ጽፈናቸዋል፤ አንባቢ ግን በላቲን ትናንሽ ፊደላት ይጻፋቸው። ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት ተርሚናል ይባላል። ኮንትሮል፥ አልትና ቲ የሚባሉትን ቁልፎች ባንድነት ስንጫን ይከፈታል። «ሱዶ» በሚል ቃል የሚጀምር ትእዛዝ ሁሉ እንደ አለቃ ሆኖ መሥራትን ስለሚጠይቅ የይለፍ ቃል ያስገባል። የይለፍ ቃሉ ሲጻፍ በመስኮቱ ላይ ምንም አይታይም፤ ነጥብም፥ ኮከብም የለም። ብዙ ሰው የቁልፍ ሰሌዳው የተበላሸ እየመሰለው ይደነግጣል። አልተበላሸም፤ ጽፎ መጨረስና ኢንተር የሚለውን ቁልፍ መንካት ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ኢንተርኔት ማግኘት ነው። በአንዳንድ ላፕቶፖች ላይ፥ ይልቁንም የብሮድኮም ሥሪት የሆነ የዋይፋይ ቺፕ ባላቸው ላይ፥ ኡቡንቱ እንደ ገባ ዋይፋዩ አይታይም። ምክንያቱ የቺፑ አሠሪ ፕሮግራም ምንጩ ክፍት ስላልሆነ ከዋናው ጋር ተደባልቆ አለመምጣቱ ነው። ችግሩ እንቆቅልሽ ይመስላል፤ አሠሪውን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፥ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ አሠሪው ያስፈልጋል። መፍቻው በኪሳችን ያለው ስልክ ነው። ስልኩን በቻርጀሩ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ፥ በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ዩ ኤስ ቢ ቴዘሪንግ የሚለውን ማብራት ነው፤ ኡቡንቱ ያለ ምንም ተጨማሪ ነገር እንደ ኬብል ኢንተርኔት ይቀበለዋል። ከዚያ «ሶፍትዌር ኤንድ አፕዴትስ» በሚለው ፕሮግራም ውስጥ «አዲሽናል ድራይቨርስ» የሚለውን ገጽ ከፍቶ የቀረበውን አሠሪ መምረጥና ማሽኑን አጥፍቶ ማስነሣት ይበቃል።

ቀጥሎ ጥገናውን ማውረድ ነው። «ሱዶ አፕት አፕዴት» የሚለው ትእዛዝ ምን አዲስ ነገር እንዳለ ዝርዝሩን ያመጣል፤ «ሱዶ አፕት አፕግሬድ» የሚለው ደግሞ ያወርዳል፥ ያስገባልም። የመጀመሪያው ጊዜ ብዙ መቶ ሜጋባይት ሊበላ ስለሚችል ይህን በካምፓሱ ዋይፋይ እንጂ በስልክ ጥቅል ማድረግ አይመከርም። የስልክ ጥቅልን በተመለከተ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሌላም ነገር አለ። ኡቡንቱ ሳንጠይቀው ከበስተ ጀርባ ጥገና ያወርዳል፤ ጠቃሚ ልማድ ነው፥ ነገር ግን በገንዘባችን ነው። ስለዚህ በስልክ ሆትስፖት ስንገናኝ በዋይፋይ ማስተካከያው ውስጥ ግንኙነቱ በመጠን የሚከፈልበት መሆኑን የሚያመለክተውን ማብሪያ እናብራ። እንደ ፋየርፎክስ ያሉት፥ ስናፕ በሚባለው መንገድ የሚመጡት ፕሮግራሞች ግን ለብቻቸው ናቸው። «ሱዶ ስናፕ ሪፍሬሽ» ብሎ፥ ክፍት ቦታ ትቶ፥ ሁለት ጭረትና «ሆልድ» ሲጨመርበት ይቆማሉ። ካምፓስ ስንደርስ «ሆልድ» በሚለው ፈንታ «አንሆልድ» ስንል ይለቀቃሉ።

እግረ መንገዳችንን፥ የእሳት ግድግዳ የሚባለው መከላከያ በኡቡንቱ ውስጥ ቢኖርም ተዘግቶ ይመጣል፤ ብዙ ሰው በሚጋራው የካምፓስ መረብ ላይ «ሱዶ ዩ-ኤፍ-ደብሊው ኢኔብል» ብሎ ማብራት ያሻል። ሌላ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። አማርኛ እንዴት ይጻፋል? ኡቡንቱ እንደ ገባ የአማርኛ ጽሑፍ ማንበብ ይችላል፤ መጻፍ ግን ሌላ ነገር ነው። በአማርኛ ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ። የላቲኑ ሰሌዳ ያለው 26 የፊደል ቁልፍ ነው። ለአማርኛ የጽሕፈት መኪና የደከሙት ኢንጂነር አያና ብሩ ያጋጠማቸውም ይኸው የቁጥር ጣጣ ነበር። በኮምፒዩተር ላይ መፍትሔው አንዱን ፊደል በሁለት ቁልፍ መጻፍ ሆኗል፤ ተነባቢውን አስቀድሞ፥ አናባቢውን አስከትሎ።

ይህን የሚያደርገውን ክፍል ለማስገባት «ሱዶ አፕት ኢንስቶል» ብለን ቀጥለን አይ፥ ቢ፥ ዩ፥ ኤስ፥ ጭረት፥ ኤም፥ 17፥ ኤን የሚሉትን ሳናራርቅ እንጽፋለን። (17 ምን እንደ ሆነ ለሚጠይቅ፤ «ብዙ ቋንቋዊ ማድረግ» የሚል ትርጉም ያለው ረዥም የእንግሊዝኛ ቃል በኤም ጀምሮ በኤን ሲያልቅ በመካከሉ 17 ፊደላት አሉት። የኮምፒዩተር ሰዎች ረዥም ቃል ሲሰለቻቸው እንዲህ ያደርጋሉ።) ከዚህ በኋላ ከአካውንታችን ወጥተን መመለስ አለብን። ይህን የማያደርግ ሰው አዲሱን የአጻጻፍ ስልት በዝርዝሩ ውስጥ ላያገኘው ይችላልና ተስፋ ቆርጦ እንዳይተወው። ተመልሰን ስንገባ «ሴቲንግስ» ከሚለው ውስጥ «ኪቦርድ» የሚለውን ከፍተን፥ የመጻፊያ ምንጮች ከሚዘረዘሩበት ቦታ የመደመር ምልክቱን ነክተን አማርኛን እንፈልጋለን። በአማርኛ ስም ከአንድ በላይ አማራጭ ሊታይ ይችላል። አንድ ቁልፍ ለአንድ ፊደል የሰጠውን ቀላሉን አንመርጥም፤ 231 ፊደል በዚያ መንገድ በምቾት አይወጣምና። የምንመርጠው በቅንፍ ውስጥ «ሴራ» የሚል የተጻፈበትን ነው።

ስሙ ሴራ ቢሆንም አድማ የለበትም። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ በ1990ዎቹ ዓመታት የኢትዮጵያን ፊደል በላቲን ፊደል ለመወከል ያወጡት ሥርዓት የእንግሊዝኛ ስሙ ሲያጥር ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ኤል የሚለውን ስንነካ «ል» ይወጣል፤ ወዲያው ኢ ስናስከትል «ለ» ይሆናል። በኢ ፈንታ ዩ ቢሆን «ሉ»፥ አይ ቢሆን «ሊ»፥ ኤ ቢሆን «ላ»፥ ኦ ቢሆን «ሎ» ነው። «ሌ» ለመጻፍ ሺፍት ይዞ ትልቁን ኢ መንካት ነው። ሳድሱን የምንጽፈው አናባቢ ባለማስከተል ነው ማለት ነው። ጠንካሮቹ ድምፆች በትልልቅ ፊደላት ይመጣሉ፤ ትንሹ ቲ «ት» ሲሆን ትልቁ «ጥ»፥ ትንሹ ሲ «ች» ሲሆን ትልቁ «ጭ» ነው። ኪው «ቅ»፥ ኤክስ «ሽ» ናቸው። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፥ ከአማርኛም ወደ እንግሊዝኛ ለመመላለስ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዞ የክፍት ቦታውን ረዥም ቁልፍ መንካት ነው። በቀን አንድ ገጽ የሚጽፍ ሰው ብዙም ሳይቆይ ጣቱ ይለምደዋል። በዊንዶውስ ላይ በሌላ ዘዴ የለመደ ሰው በመጀመሪያ መደናበሩ አይቀርም፤ ነገር ግን ዘዴዎቹ ሁሉ ዘመዳሞች ናቸው።

ለአራት ነጥብ የተለየ ቃል አለን። ሁለት ነጥቡን ሁለት ጊዜ ስንነካ ሴራ አንዱን አራት ነጥብ ይሰጠናል። በሌላ ዘዴ የተጻፉ ብዙ ጽሑፎች ውስጥ ግን የምናገኘው ሁለት ጊዜ የተደረደረ ሁለት ነጥብ ነው። ለዐይን አንድ ይመስላሉ፤ ለማሽኑ ግን ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ከዚህ የተነሣ ዐረፍተ ነገሩ በመስመር ጫፍ ላይ ሲያልቅ አንዱ ሁለት ነጥብ ከላይኛው መስመር ቀርቶ ሌላው ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። ጽሑፉን ከመጨረስ በፊት «ፈልግና ተካ» በሚለው መሣሪያ «፡፡»ን ባንድ ጊዜ በ«።» መተካት ነው፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ስለ ፍለጋ ከተነሣ፥ ለአርትስ ተማሪ ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ ሳይሆን አይቀርም። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ በሦስተኛው እትም በ1999 ገባ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። ሞክሼዎቹም እንደዚሁ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። ይህ ማለት «ሥራ» ብለን ብንፈልግ «ስራ» ተብሎ የተጻፈውን አናገኝም። አርባ ገጽ የቃለ መጠይቅ ማስታወሻ ይዞ፥ «ሠራተኛ» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ እንደ ተነገረ የሚቆጥር ተማሪ በግማሹ ብቻ ተመሥርቶ መደምደሚያ ሊጽፍ ይችላል። ሌላው ሰው ሲመረምረው ያፍራል፤ ውጤቱም ስሕተት ነው። ሊብረኦፊስ በሚባለው የጽሑፍ ፕሮግራም «ፈልግና ተካ» ውስጥ መደበኛ አገላለጽ የሚባለውን አማራጭ አብርተን፥ ሞክሼዎቹን በማእዘን ቅንፍ ውስጥ አድርገን [ሥስ]ራ ብለን ብንጽፍ ግን ሁለቱንም ያመጣልናል። «ሀገር»ንና «አገር»ን [ሀሐኀአዐ]ገር ብሎ ባንድ ጊዜ መሰብሰብ ይቻላል። የትኛው አጻጻፍ ትክክል ነው የሚለውን ክርክር ለቋንቋ መምህራኖቻችን እንተወውና፥ ቆጠራው ግን ከክርክሩ በፊት ትክክል መሆን አለበት።

ይህ ሊብረኦፊስ በ24.04 ቀላል አገባብ ከተመረጠ አብሮ አይመጣም። የሚመጣው ሰፋ ያለው አገባብ ሲመረጥ ነው። ከሌለ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ሊብረኦፊስ» ይበቃዋል። የማይክሮሶፍት ወርድን ጽሑፍ ይከፍታል፥ በዚያው ዓይነትም ያስቀምጣል። አማካሪ መምህሩ በወርድ ላይ ያደረጉትን እርማትም ያሳያል።

መልኩ ግን ሁልጊዜ አንድ ሆኖ አይመጣም፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ የፎንት ጉዳይ ነው። በዊንዶውስ ላይ የተጻፈው የአማርኛ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ኒያላ በሚባለው ፎንት ነው። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ የማይክሮሶፍት ንብረት ስለ ሆነ በኡቡንቱ ላይ የለም። ሊብረኦፊስ ሌላ ፎንት ይተካበታል፤ የፊደላቱ ወርድ ስለሚለያይ መስመሩ ይሰበራል፥ 60 ገጽ የነበረው 64 ይሆናል፥ ማውጫውም ይዛባል። ፋይሉ የተበላሸ የሚመስለው ሰው አለ። አልተበላሸም። ለአማርኛ ሁለት ነጻ ፎንቶችን እንመክራለን። አንደኛው ኤስ አይ ኤል የተባለው ድርጅት ያወጣው አቢሲኒካ ነው። የብራና ጽሕፈትን ወግ የተከተለ ስለ ሆነ ለዐይን ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ደማቅ ዓይነት የለውም፤ ርእስ ሲደምቅበት ማሽኑ ራሱ የሚያወፍረው ስለ ሆነ ይደበዝዛል። ሁለተኛው ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ነው፤ ከቀጭን እስከ ወፍራም ብዙ ደረጃ ስላለው ለርእስ እሱን እንመርጣለን። ለእንግሊዝኛው ክፍል፥ ታይምስ ኒው ሮማን ለሚጠይቅ ትምህርት ክፍል፥ ሊበሬሽን ሰሪፍ የሚባለው ፎንት የፊደላቱ ወርድ ከታይምስ ጋር አንድ እንዲሆን ተደርጎ የተሠራ ነው፤ የገጹ ቁጥር አይናጋም። በካሊብሪ ፈንታም ካርሊቶ የሚባል አለ።

በኮፒ ቤት ለማሳተም ግን ከዚህ ሁሉ ጣጣ የሚያድን አጭር መንገድ አለ። ጽሑፉን ወደ ፒዲኤፍ መለወጥ ነው። ፒዲኤፍ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ስለሚሄድ ኮፒ ቤቱ የአማርኛ ፎንት ይኑረው አይኑረው አያሳስበንም። ወርድ ፋይል ይዞ ኮፒ ቤት ሄዶ፥ በሰልፍ ቆሞ፥ በሌላ ሰው ማሽን ላይ ገጽ ሲያስተካክል የሚያመሽ ተማሪ በማስረከቢያው ሳምንት ስንቱን እናያለን!

አንድ ችግር ይቀራል፤ እሱም ከባድ ነው። ከዩኒኮድ በፊት በተሠሩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ጽሑፎች። በቀድሞው የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ዘዴ ማሽኑ የሚያስቀምጠው በእውነት የላቲን ፊደልና ምልክት ነበር፤ ፎንቱ ብቻ ነበር የአማርኛ መልክ የሚያለብሰው። ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት የሚታየው ትርጉም የሌለው የላቲን ቁጥርጥር ነው። በየቢሮውና በየትምህርት ክፍሉ ያሉ የቆዩ የአማርኛ ፋይሎች፥ የቀድሞ ተማሪዎች ጥናቶችም ጭምር፥ ብዙዎቹ በዚህ መልክ ያሉ ናቸው። ጥፋቱ የሊኑክስ አይደለም፤ ፎንቱ በሌለበት ዊንዶውስ ላይም ያው ነው። እንዲህ ያለ ፋይል የሚያስፈልገው ሰው ፎንቱ ባለበት ማሽን ላይ ከፍቶ ወደ ዩኒኮድ በሚለውጥ ፕሮግራም ያስለውጠው፤ ከተለወጠም በኋላ ከመጀመሪያው ጋር እያስተያየ ያንብበው፥ አንዳንድ ፊደል በለውጡ ጊዜ ሊሳሳት ይችላልና። ይህን ሥራ ያዘገየነው እንደ ሆነ ፎንቱ ያለበት ማሽን ራሱ እየጠፋ ይሄዳል፤ ወረቀቱ ቢጠፋም ፋይሉ አለ ብለን የተማመንበት ጽሑፍ እዚያው ማንም ሊያነበው የማይችል ሆኖ ይቀራል።

ስለ ፍላሽ ቫይረስ ጥቂት እንጨምር። ከኮፒ ቤት የተመለሰ ፍላሽ በዊንዶውስ ሲከፈት ፎልደሮቹ ሁሉ ጠፍተው በቦታቸው ሾርትከት ብቻ ሲታይ ደንግጦ ፎርማት የሚያደርግ ሰው ብዙ ነው። እነዚያ ቫይረሶች ፎልደሮቹን አይሰርዙም፤ የመደበቂያ ምልክት ብቻ ያደርጉባቸዋል። ኡቡንቱ ያንን የዊንዶውስ መደበቂያ ምልክት ስለማይቀበለው ፎልደሮቹ እንዳሉ ይታያሉ፤ ሾርትከቱም በእሱ ላይ አይሠራም። ፋይሎቹን ገልብጦ ማዳን ነው። ነገር ግን ቫይረሱ በፍላሹ ላይ እንዳለ ነውና፥ ሳያጠፉ ለጓደኛ ማዋስ ነውር ነው።

ከዊንዶውስ ጎን ለጎን ኡቡንቱን ላስገባ ሰው የሚገርም ነገር ይገጥመዋል። ሰዓቱ ይዛባል። ኡቡንቱ በማሽኑ ውስጣዊ ሰዓት ላይ የሚጽፈው የዓለም አቀፉን ሰዓት ሲሆን፥ ዊንዶውስ ያንኑ የአገር ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል። ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በሦስት ሰዓት ስለምትቀድም ዊንዶውስ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። በእጃችን ሰዓት ከቀኑ 9 ሲሆን ኡቡንቱ 3 ይላል፥ ዊንዶውስ ደግሞ 12 ይላል፤ የአበሻን ሰዓት ከፈረንጅ ጋር ማስማማት ብቻውን ሲያደክመን ሦስተኛ ተጨመረ! በተርሚናል «ታይምዴትሲቲኤል»፥ ክፍት ቦታ፥ «ሴት-ሎካል-አርቲሲ»፥ ክፍት ቦታና 1 ብሎ ማዘዝ ሁለቱን ያስማማቸዋል።

የማይሆነውንም መናገር አለብን። የሥርዓቱን ሜኑ ወደ አማርኛ መለወጥ ይቻላል፤ ትርጉሙ ግን ያልተሟላ ስለ ሆነ ግማሹ አማርኛ፥ ግማሹ እንግሊዝኛ ሆኖ ከሁለቱም የባሰ ይሆናል። በእንግሊዝኛ ብንተወው ይሻላል፤ ወይም ትርጉሙ ለማንኛውም ሰው ክፍት ስለ ሆነ የቋንቋና የትርጉም ተማሪዎች ይጨምሩበት። የማይክሮሶፍት ኦፊስ በቀጥታ አይገባም። ኤስ ፒ ኤስ ኤስ ለሚጠየቁት የማኅበራዊ ጥናት ተማሪዎች ፒ ኤስ ፒ ፒ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ የኤስ ፒ ኤስ ኤስን የመረጃ ፋይል ይከፍታል፥ የተለመዱትን ስሌቶችም ይሠራል፤ ከፍ ያለ ስሌት ለሚያስፈልገው ግን አይበቃም። እንዲህ ያለው ሰው ዊንዶውሱን ሳያጠፋ ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያኖር ይሻለዋል።

የመጨረሻው ሥራ የጽሑፉን ቅጂ ማኖር ነው። ኡቡንቱ «ባካፕስ» የሚባል ፕሮግራም አለው፤ በመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ ካልመጣ ዴጃ-ዱፕ በሚል ስም ይገኛል። ፍላሽ ወይም ውጫዊ ዲስክ ሰክቶ፥ የጽሑፉን ፎልደር አመልክቶ፥ በየሳምንቱ እንዲገለብጥ ማዘዝ ነው። የይለፍ ቃል ከሰጡት ቅጂውን ይቆልፈዋል፤ ያ ቃል ከጠፋ ቅጂውም ጠፋ ማለት ነውና ከላፕቶፑ ውጪ በወረቀት ይጻፍ። የመጀመሪያው ቅጂ እንዳለቀም አንዱን ፋይል መልሶ ማውጣትና ከፍቶ የአማርኛው ጽሑፍ በደንብ መነበቡን ማየት ነው። ይህ የማስረከቢያው ቀን ከመድረሱ በፊት ይደረግ።